ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ በደንገጎ ዳገት፦ ከአራት ዓመት ባለቤትነት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ከተማዋን ገና ሳይርቅ ተራራው ከፊቱ ይገተራል። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከተዘረጋው ሞቃት ሜዳ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የደንገጎ አናት የሚወስደው መንገድ በገደል ጥግ ጥግ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሲሆን፣ ከመገንጠያው በኋላ ደጋውን ይዞ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ይገባል። ርቀቱ ሁሉ ቢደመር ከ55 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እኔ ይህን መንገድ ላለፉት አራት ዓመታት በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት እ.ኤ.አ. የ2006 ሞዴል በሆነ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው። ስለ መኪናው የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረኝ ይህ መንገድ ስለሆነ፣ ግምገማዬን ከመንገዱ ነጥዬ ልጽፈው አልቻልኩም።

መኪናው ላየው ሰው አራት በር ያለው ተራ የቤት መኪና ይመስላል። ልዩነቱን የሚናገሩት ኮፈኑ ላይ የተከፈተው ሰፊ የአየር ማስገቢያና ከማርሚታው የሚወጣው ድምፅ ናቸው። ከኮፈኑ ሥር 2,457 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከቱርቦ ጋር ተቀምጧል፤ ጉልበቱ 230 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ 320 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ኃይሉም ሁልጊዜ ለአራቱም ጎማዎች ይከፋፈላል። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ከሚሸጡት ፈጣን መኪኖች ጋር ሲተያዩ የሚያስደንቁ አይደሉም። አብዛኛው የቤት መኪና 100 ወይም 120 የፈረስ ጉልበት ይዞ በሚታገልበት በደንገጎ ዳገት ላይ ግን ትርጉማቸው ሌላ ነው።

ምክንያቱ አየር ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳ መጠን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም ያንሳል። የአየር ግፊት ድሬዳዋ ላይ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰ ሲሆን፣ 2,000 ሜትር ላይ ሲደረስ ቅናሹ 20 በመቶን ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ከመሳብ በቀር ሌላ መላ ስለሌለው፣ በባሕር ጠረፍ 120 የፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና ደንገጎ አናት ላይ ወደ 95 ገደማ ይወርድበታል፤ ይህም የሚሆነው ዳገቱ ጉልበት አብዝቶ በሚጠይቅበት በዚያው ሰዓት ነው። ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ በእንዲህ ዓይነት መኪና ደንገጎን የወጣ ሁሉ ይህን በጆሮው ያውቀዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም።

ቱርቦ ይህን ጉድለት የሚሞላው ሞተሩ ከሚያስወጣው ጭስ በሚያገኘው ኃይል ነው። ትኩሱ ጭስ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችል ትንሽ መዘውር ይገፋል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሑን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልከዋል። አየር ሲታመቅ ስለሚግል፣ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ከኮፈኑ ቀዳዳ ሥር በተቀመጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል። ቀዳዳው ለጌጥ የተሠራ የሚመስላቸው ሰዎች ደጋግመው ስለጠየቁኝ ይህን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እርግጥ ነው፣ ከፍታ ቱርቦውንም ጨርሶ አይምረውም፤ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መሥራት አለበት፣ ከእንቅልፉ የሚነቃውም ትንሽ ዘግይቶ ነው። ሞተሩ ከ3,000 ዙር በታች ሲሆን መኪናው እንደማንኛውም መኪና ስለሆነ፣ ያልለመደው ሰው በሦስተኛ ማርሽ ከኩርባ ሊወጣ ሲሞክር የተባለው ጉልበት የት እንደገባ ግራ ሊገባው ይችላል። በጊዜው ወደ ሁለተኛ የመለሰ ሰው ግን መርፌው 3,000ን ሲያልፍ ወንበሩ ጀርባውን ሲገፋው ይሰማዋል፤ ያ ግፊት ድሬዳዋ ዳር እንደነበረው ሁሉ ደንገጎ አናት አጠገብም አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ስሜት አንድም ቀን ተራ ነገር ሆኖብኝ አያውቅም።

ከድሬዳዋ የምነሣው ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ባጃጆቹ ገና አልበዙም፣ የጭነት መኪኖቹም ዳገቱን አልሞሉትም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞተሩ ይወደዋል። ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ መርፌውን ከ3,000 በላይ አላሳልፈውም። መንገዱ ከፍ ማለት ሲጀምር ዘይቱም ስለሚሞቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መካከል ነው። ከኩርባው በፊት ፍጥነቱን መቀነስ፣ ፊት ለፊት ለማይታየው ሰው ክላክስ ማሰማት፣ ማርሹን መመለስ፣ መሪውን አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ሳያወላውሉ መያዝ፣ የኩርባው መውጫ ሲታይ ደግሞ ነዳጁን ቀስ በቀስ መጨመር። መኪናው ይህን ሁሉ በትክክል ይቀበላል። መሪው ከእጅ ጋር ስለሚነጋገር፣ የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ምን ያህል እንደጨበጡት ክሩስኮቱ ላይ ምንም መብራት ሳያስፈልግ ይታወቃል። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ጉልበተኛ መኪና ከኩርባ ሲወጣ መሪውን ከእጅ ሊነጥቅ ይሞክራል፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ደግሞ ጀርባው ሊያመልጥ ይችላል። እዚህ ግን አራቱም ጎማዎች ሸክሙን ስለሚካፈሉ መኪናው ከኩርባው የሚወጣው ወደ ተጠቆመበት አቅጣጫ ነው።

የዚህን ጥቅም አጥብቄ የተረዳሁት በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከተራራው ጠጠርና አሸዋ እያጠበ አስፋልቱ ላይ ይዘረግፈዋል፤ በተለይ በማለዳ፣ ማንም ሳይጠርገው በፊት፣ አንድ ኩርባ ደረቅ ሆኖ የሚቀጥለው ጠጠር የለበሰ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የፊት ወይም የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ሲጀምሩ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ማዕከላዊው ዲፈረንሻል ወደሌላው ወገን ያሸጋግረዋል። ሾፌሩ የሚሰማው ነገር ቢኖር ትንሽ መንሸራተትና ወዲያው መልሶ መጨበጥ ነው። የፍሬን ርቀትን ግን አራቱ ጎማ መንዳታቸው በአንዲት ክንድ እንኳ አያሳጥረውም፤ ይህን የዘነጋ ባለቤት በመኪናው ላይ ያለው እምነት ራሱ አደጋ ይሆንበታል።

ስለ መቅደምም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም የከፍተኛ ጉልበት ትልቁ ጥቅም በዚህ መንገድ ላይ የሚታየው በዚያ ነው። ሙሉ ጭነት የተሸከመ የጭነት መኪና ደንገጎን በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ይወጣል። ደካማ መኪና የያዘ ሰው ከኋላው ጭስ እየጠጣ ብዙ ኩርባ ከተከተለ በኋላ ትዕግሥቱ ያልቅና፣ ሊጨርሰው የማይችለውን መቅደም ይጀምራል፤ ከላይ ደግሞ ጫት የጫኑ መኪኖች እየተጣደፉ ይወርዳሉ። በዚህ መኪና የተቃራኒው መስመር ባዶ መሆኑ በግልጽ በሚታይበት አጭር ቀጥታ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ከ25 ወደ 60 ለመድረስ የሚያስፈልገው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ በተቃራኒው መስመር የሚቆይበት ጊዜ በጣም ያጥራል። መንገዱ ካልታየኝ አልቀድምም። በዳገቱ ላይ ከ80 በላይ የሄድኩበት ቀንም የለም፤ የሚያስፈልግበትም ቦታ አላገኘሁም።

ቀጥ ያለ መንገድ የዚህን መኪና ደስታ አይጨምረውም። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደውን 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የክፍያ መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ሰፊና የተስተካከለ ነው። ነገር ግን በአምስተኛ ማርሽ አንድ ፍጥነት ይዞ በሜዳው ላይ መሄድ ከማንኛውም መኪና ጋር የሚገኝ ነገር ነው። በነፋሱና በጎማው ድምፅ ምክንያት ደግሞ ይህኛው ከብዙዎቹ ያነሰ ምቾት አለው።

ስለ ድምፁ ግን መጻፍ ደስ ይለኛል። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች እንደ አብዛኛው መኪና ቆመው አልተደረደሩም፤ ሁለቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ተኝተዋል። በዚህም ምክንያት የሞተሩ ክብደት ወደ መሬት ይቀርባል፤ መኪናው በኩርባ ላይ ብዙም የማያጋድልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከሁለቱ ወገኖች ጭስ የሚያወጡት ቱቦዎች ደግሞ ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ፣ ጭሱ በእኩል ምት አይወጣም። ያ ከሩቅ የሚታወቀው ከበሮ መሳይ ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚህ ነው። መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅድመ ምርመራ ድሬዳዋ ውስጥ ወዳሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ስወስደው፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ለጥቂት ጊዜ ቆመው ካዳመጡ በኋላ፣ «አቦ፣ ይቺ እኮ የቮልስ ዘመድ ናት፤ ፒስተኗ ተኝቶ ነው የሚሠራው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አገራችን አሳምራ የምታውቃት ቮልስም ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝና ከኋላ የተቀመጠ ከመሆኑ በቀር፣ አራቱ ሲሊንደሮቿ በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው። «ድምፁን ልመደው» ብለው ጨመሩልኝ፤ «የታመመች ቀን ራሷ ትነግርሃለች።» ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ሳልከፍት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ነው የምነዳው።

ሐረር ስደርስ የማቆመው ከጀጎል ግንብ ውጭ ሲሆን፣ እዚያ የማገኛቸው ጎረቤቶች ለረጅም ዘመን የሐረር ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ፔጆ 404ዎች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድና ላይታየው ይችላል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ጽኑ አስተያየት አለኝ። ፔጆ 404 በምሥራቅ አፍሪካ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸናፊ የነበረ መኪና ነው። ኢምፕሬዛ ደግሞ በዚያው ውድድር በ1997 በኮሊን ማክሬ፣ በ2000 በሪቻርድ በርንስ እጅ አሸንፏል፤ ከ1995 እስከ 1997 ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታትም ሱባሩን የዓለም ራሊ የአምራቾች ዋንጫ ባለቤት አድርጎታል። ሁለቱም ስማቸውን ያተረፉት በአቧራ፣ በጭቃና በድንጋይ ላይ ነው። የውድድሩ መኪና እኔ ከምነዳው በብዙ ነገር እንደሚለይ አውቃለሁ፤ ሆኖም የተኛው ሞተር፣ ቱርቦውና አራቱንም ጎማ የመንዳቱ ሐሳብ የተወረሱ ናቸው። አሮጌዎቹን 404ዎች በየቀኑ እየጠገኑ የሚያኖሩ ሾፌሮችም ይህን መኪና ሲያዩ በመጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለ ሞላውና ስለ ሾክ አብዞርቨሩ መሆኑ፣ መኪና ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸውን ያሳያል።

ወደ ጀጎል ውስጥ መኪናውን ይዞ መግባት አላስፈላጊ ነው። ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለው ዋና መንገድ መኪና ቢያስገባም፣ የቀሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ለእግርና ለአህያ የተሠሩ ናቸው። መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው በዚያ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው።

መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ የመኪናው ፍሬን በደንብ የሚፈተነው ከሰዓት በኋላ ነው። የዚህ ሞዴል የፊት ፍሬኖች እያንዳንዳቸው አራት ፒስተን ያላቸው ሲሆኑ፣ ለሚሸከሙት ክብደት ከበቂ በላይ ናቸው። ይሁን እንጂ ደንገጎን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው የትኛውንም ፍሬን ያቃጥላል፤ ፈሳሹ ከፈላ በኋላ ፔዳሉ እስከ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ በወጣሁበት ማርሽ እወርዳለሁ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። የፍሬን ፈሳሹንም ሳልጠየቅ በዓመት አንድ ጊዜ አስቀይራለሁ።

መኪናው የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። በዳገቱ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ ይጠጣብኛል፤ ረጋ ባለ ጉዞ ወደ 10 ይወርዳል። ታንከሩ 60 ሊትር ስለሚይዝ አንድ ሙሉ ታንከር ለዳገት ጉዞ ከ400 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። የነዳጁም ጥራት ወሳኝ ነው፤ ነዳጁ ደካማ ሲሆን የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱን ለማዳን የእሳቱን ጊዜ ስለሚያዘገየው ጉልበቱ ወዲያው ይቀንሳል። ከመሬት ያለው ከፍታ አነስተኛ ስለሆነ፣ በድሬዳዋ ውስጥ ካሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አንዳንዶቹን አጋድሞ ካልሆነ በቀጥታ ማለፍ አይቻልም። የቀን ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት በሳቢያንና በከዚራ መካከል ባጃጅ እየተከተሉ መጓዝ ደግሞ ከኮፈኑ ቀዳዳ ሥር ያለውን የቱርቦውን አየር ማቀዝቀዣ ስለሚያግለው፣ ሞተሩ ጠዋት የነበረው ብርታት አይኖረውም። የውስጡ ዕቃ ፕላስቲክ ነው፤ ወንበሩ ግን ጎንን አቅፎ ስለሚይዝ ቅሬታ የለኝም።

ጎማው 215/45 ባለ 17 ኢንች ስለሆነ ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ጉድጓድ አይወድም። በሁለተኛው ዓመት አወዳይ አቅራቢያ ከፊቴ በነበረ ጥላ ምክንያት ያላየሁት ጉድጓድ አንዱን ጎማ ቀድዶ ቸርኬውን አጎበጠው። ጎሚስታው አንድ አዲስ ጎማ ብቻ እንዳስገባ መከረኝ፤ ለሌላ መኪና ትክክለኛ ምክር ነበር። አራቱም ጎማዎቹ በሚነዱ መኪና ላይ ግን አንዱ አዲስ፣ ሦስቱ ያለቁ ከሆኑ ዙራቸው እኩል ስለማይሆን ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማዕከላዊው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት እየታገለ ይጎዳል። አራቱንም መቀየር ነበረብኝ። ወጪው በዚያ ወር ያሰብኩትን ብዙ ነገር አስቀርቶብኛል፤ ሆኖም የካምቢዮን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቆጭበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ዘይት ነው። ያ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ዘንግ የሚያርፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ ዘይት የሚያዘገይ ወይም ርካሹን የሚመርጥ ባለቤት ይህን መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ መጠኑንም በየሳምንቱ እመለከታለሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ዘይት ቀለሙና ሽታው ስላላማረኝ ሳልጠቀምበት ቀርቻለሁ፤ ማሸጊያው ደህና ይመስል ነበር፣ ውስጡ ግን የተባለው ዘይት አልነበረም። ዳገቱን ከወጣሁ በኋላም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋውም። ሐረር ደርሼ ካቆምኩ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በባዶ ሲሠራ፣ ዘይቱና ውኃው እየዞሩ የቱርቦውን ግለት ይወስዱታል። ልጆቼ ይህን ጊዜ «መኪናው ይተንፍስ» ይሉታል፤ እነርሱም ሳይነገራቸው ቀበቷቸውን ሳይፈቱ ይጠብቃሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ እንዲህ ዓይነቱን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አስቀድመው ከገቡት መካከል ነው፤ እነርሱም ብዙዎቹ በብዙ እጅ ያለፉ ናቸው። ስለዚህ ለመግዛት የሚያስቡ ሁሉ መኪናውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ሄደው እንዲያዩት እመክራለሁ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ይህ ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉና ቃል ብቻ አይበቃም። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ መሆናቸውን ይመልከቱ። ፍሪሲዮኑን ዳገት ላይ ይፈትኑት፤ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲጨመር የዙር መርፌው ዘልሎ ፍጥነቱ ግን ባለበት ከቀረ አልቋል ማለት ነው። በመጨረሻም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አምስት ደቂቃ በባዶ እንዲሠራ ያድርጉትና ነዳጁን አንድ ጊዜ ረገጥ አድርገው በስፖኪዮ ወደ ኋላ ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ከታየ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ብዙ ጊዜም የቱርቦው ዘይት ማገጃ ተበልቶ ይገኛል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ቁልፉን ለባለቤቱ ይመልሱ።